ላ ሱርስ፣ ኤዛቭ ወይስ ጄኔቫ? ስለ ነርሲንግ ትምህርት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ31 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ በክሊኒካል ነርሲንግ ደረጃ 4 ተመርቄ፣ ሲኦሲ አልፌ፣ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። በቤተሰብ ማገናኘት ወደ ባለቤቴ መጥቼ አሁን ስዊዘርላንድ ውስጥ ሎዛን አጠገብ ሬነን እንኖራለን። የ3 ዓመት ልጅ አለን፤ ፔርሚ ቤ (የመኖሪያ ፈቃድ) አለኝ። የቀይ መስቀልን የኦክሲሊየር (የእንክብካቤ ረዳት) ኮርስ ወስጄ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ፈረንሳይኛዬ ቤ1 (መካከለኛ ደረጃ) ነው። ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ‹ላ ሱርስ የግል ስለሆነ ውድ ነው፤ ሆስፒታሎች ግን የሚመርጡት የእሱን ተማሪ ነው› ይላሉ። ጄኔቫ ይሻላል የሚሉኝም አሉ። አንድ የግል ትምህርት ቤት ደግሞ በ18 ወር የጤና ዲፕሎማ በ9 ሺህ ፍራንክ እንደሚሰጥ ነገረኝ። የትኛውን ልምረጥ?»

ምላሽ፦ የትምህርት ቤት ምርጫ በእርስዎ ጉዳይ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ከእሱ በፊት የሚመለሰው «በየትኛው የመግቢያ መስፈርት ነው የምቀበለው?» የሚለው ነው፤ ጓደኞችዎ ስለ እሱ ምንም አላነሱም። ቢሆንም ስለ ትምህርት ቤቶቹ የሰሙት አብዛኛው የተሳሳተ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ላስተካክል።

በስዊዘርላንድ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ክፍል፣ ማለትም በሮማንዲ፣ የነርሲንግ ባችለር የሚሰጠው አሽኧኤስ-ኤስኦ በሚባለው የምዕራብ ስዊዘርላንድ የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ሎዛን ውስጥ ላ ሱርስና ኤዛቭ፣ ጄኔቫ ውስጥ የጤና ከፍተኛ ትምህርት ቤቱ፣ ፍሪቡር፣ በኑሻቴልና በደሌሞን የሚያስተምረው አርክ፣ ሲዮን ያለው የቫሌ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም የዚህ አንድ ተቋም አባላት ናቸው። የጋራ ማዕቀፍ ሥርዓተ ትምህርት አላቸው፤ ርዝመቱ 3 ዓመት፣ መጠኑ 180 ክሬዲት ነው፤ ሲጨርሱ የሚያገኙት ማዕረግም አንድ ነው። ስለዚህ ሹቭን የመሰለ ትልቅ ሆስፒታል የሥራ ማመልከቻዎን ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው በስታዥ (በሥራ ላይ ልምምድ) ግምገማዎ፣ በፈረንሳይኛዎና ቀደም ሲል በየትኛው ክፍል እንደሠሩ ላይ ነው። ሎዛን ወይም ደሌሞን መማርዎ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

«ላ ሱርስ የግል ነው» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው የግል ፋውንዴሽን ነው። የተመሠረተው በ1859 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን መሥራቿ ቫሌሪ ደ ጋስፓረን ነበረች። በዘመኑ ሕሙማንን የማስታመም ሙያ የደናግልና የዲያቆናውያን እህቶች ሥራ ተደርጎ ሲታይ፣ እሷ ነርስ ነፃ ሴት ናት፣ ማግባትም ለሥራዋ ክፍያ መቀበልም ትችላለች ብላ ተነሣች። ለንደን ውስጥ በናይቲንጌል ስም ከሚታወቀው ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ቀድሞ የተከፈተ፣ በዓለም የመጀመሪያው ከሃይማኖት ማኅበር ውጭ የቆመ የነርስ ትምህርት ቤት ነው። ዝናው ከዚያ የመጣ ነው፤ እኔም አልነፍገውም። ነገር ግን ዛሬ የሚሠራው በአሽኧኤስ-ኤስኦ ውስጥ ስለሆነ እንደ እርስዎ ስዊዘርላንድ የሚኖር ተማሪ የሚከፍለው ልክ እንደ መንግሥታዊዎቹ በሴሚስተር 500 ፍራንክ ነው፤ መጽሐፍ፣ የደንብ ልብስና መጓጓዣ ሲታከልበት ከፍ ይላል። «የግል» የሚለውን ቃል ሰምቶ ላ ሱርስን የሚሸሽ የአገራችን ሰው ብዙ ነው፤ ያው ሰው በእርግጥም የግል ለሆነና የትም ለማያደርስ ኮርስ ሺህ ፍራንኮች ሲከፍል ይታያል።

ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ላ ሱርስ የሚያሠለጥነው ነርስ ብቻ ነው። ኤዛቭ ከነርስ ጋር አዋላጅ፣ ፊዚዮቴራፒስትና የራዲዮሎጂ ባለሙያም ስለሚያሠለጥን የተወሰኑ ትምህርቶችን ከእነሱ ጋር ይማራሉ። ጄኔቫም እንደዚያው ነው። ፍሪቡር በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ጎን ለጎን ማስተማሩ ከሌሎቹ ይለየዋል፤ ጀርመንኛ ለማይችል ሰው ግን ያን ያህል ጥቅም የለውም። እነዚህ ልዩነቶች እውነተኛ ናቸው፤ ሕይወትዎን የሚለውጡ ግን አይደሉም።

ሕይወትዎን የሚለውጠው ስታዡ ነው። የአውሮፓ ሕብረት ሕግ ለጠቅላላ ነርስ ቢያንስ 4,600 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ በሕመምተኛ አጠገብ የሚደረግ ልምምድ መሆን አለበት፤ ስዊዘርላንድም ከሕብረቱ ጋር ባላት የሰዎች ነፃ ዝውውር ስምምነት ምክንያት ይህን መለኪያ ትከተላለች። በየዓመቱ ለሳምንታት ሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ይሆናሉ ማለት ነው፤ የጠዋቱ ፈረቃ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ የማታና የሳምንት መጨረሻ ፈረቃም ይደርስዎታል። ቦታውን የሚመድበው ትምህርት ቤቱ ነው። ሎዛን ያለችበት የቮ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) ሰፊ ነው፤ አንዱን ስታዥ ሹቭ፣ ሁለተኛውን ኢቨርዶን፣ ሦስተኛውን በ2019 በተከፈተው የሬናዝ ሆስፒታል ሊያደርጉ ይችላሉ። ከሬነን ተነሥቶ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሬናዝ ለመድረስ ባቡርና አውቶቡስ መቀያየር አለ፤ ክሬሹ (የሕፃናት ማቆያው) ደግሞ ገና አልተከፈተም። ልጅ ያላቸው ተማሪዎች ከፋርማኮሎጂ ፈተና ይልቅ በዚህ ሲሰናከሉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጄኔቫ ለመማር ማሰብ በዚህ ሁሉ ላይ የዕለት ምልልስ መጨመር ነው፤ የሚሰጥዎ ተጨማሪ ነገር ሳይኖር። ከባለቤትዎ ጋር መነጋገር ያለብዎትም በዚህ ላይ ነው፦ በስታዥ ወራት ልጁን ጠዋት ማን ያደርሳል፣ ማን ይቀበላል?

ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ነርሲንግ በአሽኧኤስ-ኤስኦ ውስጥ እንደ ፊዚዮቴራፒና እንደ አዋላጅነት በውድድር የሚገባበት ዘርፍ አይደለም፤ የሠራተኛ እጥረት ስላለ መስፈርቱን ያሟላ በአብዛኛው ይገባል። መስፈርቱ ግን ጥብቅ ነው። የተለመዱት መግቢያዎች ሦስት ናቸው። በጤና ዘርፍ ልዩ ማቱሪቴ (ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያስገባ የማጠናቀቂያ ዲፕሎማ) ያለው በቀጥታ ይገባል። በጤና ሙያ ሴኤፍሴ (የፌዴራል የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት) ይዞ የሙያ ማቱሪቴ የጨመረም እንዲሁ። የጂምናዝ ማቱሪቴ ያለው ስዊሳዊ ግን፣ ብዙዎችን የሚያስገርም ነው፣ በቀጥታ አይገባም፤ መጀመሪያ የዝግጅት ሞጁሎችን መውሰድና ተግባራዊ ልምድ ማግኘት አለበት። የእርስዎ የ12ኛ ክፍል ውጤት ከስዊስ ማቱሪቴ እኩል ተደርጎ ካልታየ በስተቀር ከእነዚህ በአንዱም አያስገባዎትም፤ እኩል ይታያል ብለው ዕቅድ እንዲያወጡም አልመክርም።

ሌላም መንገድ አለ፤ በዶሴ መቀበል ይባላል። ዕድሜያቸው 25 የሞላ፣ የሚጠየቀው ማቱሪቴ የሌላቸው፣ ነገር ግን በሥራ ልምዳቸውና በግል ትምህርታቸው ለከፍተኛ ትምህርት መብቃታቸውን ማሳየት የሚችሉ ሰዎች የሚያመለክቱበት ነው። ዕድሜዎም ልምድዎም ለዚህ ይሆናል። ችግሩ በዚህ መንገድ የሚያልፉት ጥቂት መሆናቸውና ዶሴውን የሚያዩት ሰዎች የሚመዝኑት ጽሑፍን መሆኑ ነው። ለምን ነርስነትን እንደሚፈልጉ፣ ከሥራዎ ምን እንደተማሩ፣ አንድን የገጠመዎትን የሕክምና ሁኔታ እንዴት እንደተነተኑት በፈረንሳይኛ ይጽፋሉ፤ ስለ እሱም ይጠየቃሉ። በቤ1 ፈረንሳይኛ አሁን ማመልከት ዕድልዎን ማባከን ነው።

የኢትዮጵያ ዲፕሎማዎስ? የውጭ አገር የነርስ ማስረጃን የሚመረምረው በርን የሚገኘው የስዊስ ቀይ መስቀል ነው። እንደ ኦክሲሊየር ኮርስዎ በካንቶን ቅርንጫፍ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ከየካቲት 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የጤና ሙያዎች ሕግ መሠረት የትምህርቱ ደረጃ፣ ርዝመትና ይዘት ከስዊሱ ጋር ይነጻጸራል። ልዩነት ከተገኘ ማካካሻ ይጠየቃል፤ የብቃት ፈተና ወይም ክትትል ያለው የሥራ ላይ ልምምድ ከተጨማሪ ትምህርት ጋር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በጣም ከሰፋ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ በነርሲንግ ቢኤስሲ ይዘው ቢመጡ ኖሮ ይህን ምላሽ ከዚህ እጀምረው ነበር፤ ትምህርቱን እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ለእንደዚያ ዓይነት ሰው ኪሳራ ነው። ለደረጃ 4 ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ከባችለር ጋር ይስተካከላል ብዬ አልጠብቅም። ያም ሆኖ ቀይ መስቀል በድረ ገጹ ላይ ከዋናው ማመልከቻ በፊት የሚደረግ ቅድመ ምርመራ አለው፤ እሱን ይሙሉ። ውጤቱ አሉታዊ ቢሆን እንኳ በወረቀት መያዙ ይጠቅማል፤ በዶሴ ሲያመለክቱ ዲፕሎማዎ በባለሥልጣን መታየቱን ያሳያል።

ሰነዱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ይሰብስቡ። ከኮሌጁ የትምህርት ዝርዝርና የሰዓት ብዛት (ንድፈ ሐሳቡና ልምምዱ ለየብቻ ተጽፎ)፣ የሲኦሲ የምስክር ወረቀት፣ የሙያ ፈቃድና ከፈቃድ ሰጪው አካል በሥነ ምግባር ጉድለት አለመታገድዎን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ። የግል ኮሌጅ ይዘጋል፣ ስም ይቀይራል፣ ሬጅስትራሩ ይለወጣል። አገር ቤት ላለ ዘመድ ውክልና ጄኔቫ በሚገኘው የኢትዮጵያ ሚሲዮን ይስጡና ያስጨርሱ። በአማርኛ የተጻፈውን ሕጋዊ ተርጓሚ ብቻ ይተርጉመው፤ የጓደኛ ትርጉም አይቀበሉም።

አሁን ለእርስዎ እውነተኛ ነው ወደምለው መንገድ። በሚሠሩበት ቤት ከእርስዎ አንድ ደረጃ ከፍ ብለው መድኃኒት የሚያድሉ፣ መርፌ የሚወጉ፣ ቁስል የሚያጥቡ ሴቶች አሉ፤ አኤስኤስሴ (የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ረዳቶች) ይባላሉ፤ የያዙት ሴኤፍሴ ነው። ወጣቶች ይህን በ3 ዓመት አፓራንቲሳዥ (እየሠሩ የሚማሩት የሙያ ሥልጠና) ያገኙታል። ለአዋቂ ግን አንቀጽ 32 የሚባል አለ፦ የ5 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው፣ ከዚያ ውስጥም የተወሰነውን በእንክብካቤ ሥራ ያሳለፈ ሰው፣ አፓራንቲሳዡን ሳይጨርስ የመጨረሻውን ፈተና መቀመጥ ይችላል። የዝግጅት ኮርሱን ከሥራው ጎን ይከታተላል፤ ደመወዙ አይቋረጥም። እርስዎ በኢትዮጵያ ሁለት፣ እዚህ ሦስት ዓመት ሠርተዋል ወይም ሊሞላዎ ነው። የውጭ አገሩ ልምድ እንዴት እንደሚቆጠርና የሥራ መቶኛዎ የሚያስከትለውን ልዩነት የሚወስነው የካንቶኑ የሙያ ትምህርት ክፍል ስለሆነ የሥራ ውልዎንና የልምድ ማስረጃዎን ይዘው እሱን ይጠይቁ። አለቃዎንም አሁኑኑ ያነጋግሩ፤ ብዙ የአረጋውያን መኖሪያዎች አኤስኤስሴ ስለሚያጥራቸው ኮርሱን ይከፍላሉ። የሚከፍል አሠሪ ግን ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ዓመት እንዲቆዩለት ያስፈርማል፤ ዓመቱ ስንት እንደሆነ ሳያነቡ አይፈርሙ።

ሴኤፍሴ ከያዙ በኋላ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንደኛው የሙያ ማቱሪቴ ጨምሮ (በሙሉ ጊዜ 1 ዓመት ነው) ወደ ላ ሱርስ ወይም ኤዛቭ መግባት። በሥራ ላይ እያሉ የሚማሩበት ረዘም ያለ መርሐ ግብር መኖሩን ከሁለቱም ይጠይቁ። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ኤኮል ሱፔሪዬር፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያለ ከፍተኛ የሙያ ትምህርት ቤት። በጀርመንኛ ተናጋሪው ክፍል ነርሶች በብዛት የሚሠለጥኑት በዚህ ነው፤ በፈረንሳይኛ በበርን ዡራ ሰንቲሚዬ አለ፣ ቫሌም በቅርብ ዓመታት ከፍቷል። ማቱሪቴ አይጠይቅም፤ ሙሉው ሥልጠና 5,400 ሰዓት ሲሆን አኤስኤስሴ ለሆነ ሰው ወደ 3,600 ይወርዳል፤ ሦስት የነበረው ዓመት ሁለት ሆነ ማለት ነው። ዲፕሎማው በሕግ የታወቀ የነርስ ዲፕሎማ ነው። ባችለር ግን አይደለም፤ ነገ ማስተር ወይም በቮ በሕግ የተፈቀደውን የልዩ ባለሙያ ነርስነት ቢያስቡ ተጨማሪ መንገድ ይጠብቅዎታል። ርቀቱም ከሬነን ለሚነሣ እናት ቀላል አይደለም። ማቱሪቴው ላይ ከከበደዎት ብቻ ያስቡት።

ስለ ቋንቋ። ባችለሩም ቀይ መስቀልም ቤ2 ይጠይቃሉ። በሥራ ቦታ ከአረጋውያን ጋር ተግባብተው መዋልዎ ግን ቤ2 ነዎት አያሰኝም፤ እንዲያውም ያዘናጋል። ትምህርቱ የሚጠይቀው የታካሚን ሁኔታ አጥርቶ መጻፍ፣ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ መከራከር ነው። እዚህ ላይ አንድ ያላሰቡት ጥቅም አለዎት፦ ለባችለር የመመረቂያ ሥራ የሚነበቡት ጥናቶች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። እርስዎ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ በዚያ ዓመት ብዙ ስዊሳውያን የክፍል ጓደኞችዎ እርስዎን ይጠይቃሉ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በኅዳር 2021 ሕዝቡ 61 በመቶ በሆነ ድምፅ የነርሶችን ኢኒሺየቲቭ (በሕዝብ ፊርማ ለድምፅ የቀረበ ሐሳብ) ካጸደቀ በኋላ የመጀመሪያው ሕግ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ለ8 ዓመት ይቆያል። በዚህ መሠረት ካንቶኖች ለነርሲንግ ተማሪዎች የኑሮ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ወጪ የፌዴራሉ መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ማን፣ ስንት፣ በምን ሁኔታ የሚለውን እያንዳንዱ ካንቶን ለብቻው ስለሚወስን የጄኔቫ ጓደኛዎ ያገኘችው ለእርስዎ ማረጋገጫ አይደለም። ይህ ድጋፍ ለባችለርና ለኤኮል ሱፔሪዬር ተማሪ እንጂ ለአኤስኤስሴ ዝግጅት አይደለም። ከመደበኛው ቡርስ (የትምህርት ድጎማ) ጋር እንዴት እንደሚደመር ከካንቶኑ ይጠይቁ፤ የባለቤትዎ ገቢ ለቡርሱ ይታያል።

የ18 ወሩን ትምህርት ቤት ይተዉት። «የጤና ዲፕሎማ» የሚባል ሙያ ስዊዘርላንድ ውስጥ የለም። ያለው በስሙ የተጠራ ሙያ ነው፦ ነርስ፣ አኤስኤስሴ፣ የሐኪም ቤት ረዳት፣ የሕክምና ጸሐፊ። ደውለው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ «ስጨርስ የማገኘው ወረቀት ሴኤፍሴ ነው? አሽኧኤስ ነው? ወይስ የራሳችሁ ሰርተፊኬት?» መልሱ «የራሳችን» ከሆነ፣ ወይም ዞር ዞር ካለ፣ ስልኩን ይዝጉ። በኦክሲሊየርነት አሁን ከያዙት ሥራ አንድ እርከን አያስኬድዎትም። የካንቶኑ የሙያ ምክር ቢሮ ስለ የትኛውም ኮርስ ይህንኑ ይነግርዎታል፤ ኮርሱን ሊሸጥልዎ ስለማይፈልግም አይዋሽም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ጄኔቫን ይርሱት። ሎዛን ይቆዩ። በመጪው አንድ ዓመት ሙሉ ኃይልዎን በጽሑፍ ፈረንሳይኛ ላይ አድርገው ቤ2 በታወቀ ፈተና ይያዙ፤ በዚያው ዓመት የቀይ መስቀሉን ቅድመ ምርመራ ይጨርሱና በአንቀጽ 32 ለመግባት ከአለቃዎ ጋር ይስማሙ። ሴኤፍሴውን እንደያዙ የሙያ ማቱሪቴውን ይሞክሩ፤ በቤተሰብ ምክንያት ካልተቻለ በዶሴ ያመልክቱ፤ ያኔ ዶሴዎ ከአሁኑ በእጅጉ የጠነከረ ይሆናል። ከዛሬ እስከ ነርስነት ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከመካከል በተቋረጠ ጊዜ እንኳ በእጅዎ የሚቀረው ሴኤፍሴ በመላ ስዊዘርላንድ የሚሠራ ነው፤ ደመወዝዎም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይጨምራል። ከላ ሱርስና ከኤዛቭ የቱ የሚለውን የዚያን ጊዜ ይወስናሉ። ሁለቱም ለአመልካቾች የማብራሪያ ስብሰባ ያዘጋጃሉ። ሁለቱም ጋ ይሂዱና ስለ ሕንፃውና ስለ ቤተ ሙከራው ብዙ ሳይሆን ይህን ይጠይቁ፦ «ትንሽ ልጅ ላላት ተማሪ የስታዥ ቦታ ስትመድቡ ምን ታደርጋላችሁ? የስታዥ ሰዓቱስ ከስንት ሳምንት በፊት ይታወቃል?» ጥርት ያለ መልስ የሰጠዎት ጋ ይመዝገቡ።